ሳላጥበው የፈረምኩበት ቁስል

ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው እኔ ባልናገረው ጎረቤቶቼ ስለሚናገሩት ነው። በደርግ ጊዜ ላሊበላ ሰፍሮ በነበረ አንድ ሻለቃ ጦር ውስጥ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና ጠቅላይ፣ ሆኜ ስሠራ፣ ወታደሩ ከጥይት ቀጥሎ የሚፈራው የእኔን አፍ ነው ይባል ነበር። እኔም ስሰማው እስቅ ነበር። እንዴት ያለ ቂል ነበርኩ!

ነገሩ ከእግሬ ይጀምራል። ቀኝ ቅልጥሜ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጥቁር ጠባሳ አለ። የተወለድኩት ከአሸተን ተራራ ጀርባ ካለች መንደር ነው፤ በልጅነቴ ገብስ ስናጭድ ማጭዱ አመለጠኝና አጥንቴ እስኪታይ ቆረጠኝ። እናቴ "በስመአብ!" እያለች ወደ ቤት ሮጠች፤ ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት ፍቃ አመጣችና ቁስሉን ጢም አድርጋ ሞላችው። ደሙ ቆመ። ቁስሉም ከርሞ ዳነ፤ ጥላሸቱ ግን ከሥጋዬ ጋር አብሮ ገጥሞ እዚያው ቀረ። በእኛ አገር ይህ ሕክምና ነው። በዚያ ዘመን ላስታ ውስጥ ጥላሸት ያልነካው ጠባሳ ያለው ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር።

ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ወታደር ቤት ገባሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ ከጠመንጃው ይልቅ ለመርፌው ተመረጥኩ፤ በአንድ የጦር ሆስፒታልም ሠለጠንኩ። አስተማሪያችን ሸምገል ያሉ ነርስ ነበሩ። "ጥይት ካቆሰለው ወታደር ይልቅ ቆሻሻ የገደለው ይበዛል" ይሉን ነበር። ቃላቸውን እንደ ዳዊት ደገምኩት። እጄን ስታጠብ ክርኔ ድረስ ነበር፤ መቀስ ስቀቅል ደቂቃ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ገላችንን ስንታጠብ አብረውኝ ከሚሠለጥኑት አንዱ ጠባሳዬን አየና "ይህ ምንድነው?" አለኝ። "ስወለድ ጀምሮ ያለ ምልክት ነው" አልኩት። እናቴን የካድኳት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ረጅም ካልሲ ነበር የማደርገው።

ዕጣዬ ሆነና ተመድቤ የመጣሁት ወደ ራሴ አገር ነው። ከላሊበላ ከተማ ከፍ ብሎ በሚገኘው ጉብታ ላይ የሕክምና ድንኳን ተከልን። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል እኔ ቀድሜ ውሃ አፍልቼ፣ ፋሻ ቆርጬ፣ ነጭ ጋዋኔን በወታደር ልብሴ ላይ ደርቤ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሥራዬን እወድ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ ያዳንኳቸው ሰዎች አሉ። ግን ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል፣ በተለይም ጥላሸት ቀብቶ የመጣ ወታደር ካገኘሁ ያ ቀን የሱ ቀን አይደለም። "ሂድ ከዚህ! ድስት ነህ ወይስ ሰው?" ብዬ ከሰልፉ አስወጣው ነበር። አንዳንዱን ሁሉም ታክሞ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ አቆመው ነበር። ለትምህርት ነው እያልኩ።

እናቴ አንድ ቅዳሜ በሶ ይዛልኝ ገበያ ወጣች። ከድንኳኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እኔ አንድ ሚሊሽያ ላይ ስጮህ ሰማች። ሲመለስ አየሁት፣ ክንዱ ጠቁሯል፣ ራሱን ደፍቷል። ስጨርስ ወደሷ ወጣሁ።

"አንተን በምን ነበር ያዳንኩህ?" አለችኝ።

"በዕድል" አልኳት።

የበሶውን ከረጢት እጄ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁለቱን ወረደች።

በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ ነርስ መሆን። ለነርስነት ትምህርት አዲስ አበባ የሚላከው የአዛዡ የድጋፍ ደብዳቤ ያለው ሰው ነው፤ አዛዡ ደግሞ የፖለቲካ ኃላፊው ሳይስማማ አይፈርምም። አራት ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ። ድሬሰር ሆኖ ማርጀት አልፈልግም ነበር። ሽበት አውጥቶ ፋሻ የሚጠቀልል ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ እሱን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጦርነቱ መረረና በገዛ እጁ ላይ የሚተኩስ ወታደር በዛ ተባለ። ግራ መዳፉን በጥይት በስቶ ወደ ቤቱ ለመሄድ ማለት ነው። ትእዛዝ መጣ፤ እጁን ወይም እግሩን የተመታ ሁሉ ከመታከሙ በፊት ድሬሰሩ ቁስሉን አይቶ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ምልክቱን ተምረነዋል፤ ከቅርብ የተተኮሰ ጥይት የቁስሉን ዙሪያ በባሩድ ያጠቁረዋል። ቁስሉ ከታጠበ ምልክቱ ይጠፋል ብለው አለቆቹ ስለሚፈሩ ሳይታጠብ ነው የሚታየው። በራሱ ላይ የተኮሰ ሰው ፍርዱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በጓዶቹ ፊት ይረሸናል።

አንድ ጠዋት አንድ ሚሊሽያ በበቅሎ ጭነው አመጡልኝ። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በታች የሚያርስ ገበሬ ነው። ለጥበቃ ቃፊር ሆኖ በቆመበት ጋራ ላይ ተመቶ፣ በማግስቱ ነው የደረሰው፤ ይዞት የመጣው ወታደርም ሲመታ አብሮት አልነበረም። ግራ እጁ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሏል። የፖለቲካ ኃላፊው ከኋላው ገባና እጆቹን ኪሱ ከትቶ ቆመ።

ቅዳጁን ፈታሁት። ጥይቱ መዳፉን በስቶ ወጥቷል። ዙሪያው እንዳለ ጥቁር ነው።

"በምን ተመታህ?"

"በጥይት፣ ጌታዬ።"

"በጥይት መሆኑንማ አየሁት! ከየት ነው የተተኮሰው?"

"ከማዶ። ገና ጎህ ሲቀድ ተኩስ ከፈቱብን።"

"ቁስሉ ላይ ያደረግህበት ነገር አለ?"

ፊቴን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። "ምንም አላደረግሁበትም፣ ጌታዬ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ምንም!" አለ ጮክ ብሎ።

ጻፍኩ። ግራ መዳፍ፣ የጥይት ቁስል፣ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ከቅርብ ርቀት የተተኮሰ ይመስላል። የፖለቲካ ኃላፊው በትከሻዬ ላይ አዘንብሎ አነበበና "ይመስላል ምንድነው? ሐኪም አይደለህም እንዴ? ነው ወይስ አይደለም?" አለኝ። ጥቁሩን እንደገና አየሁት። እንደተማርኩት ነው። ሰውየውንም ጠይቄዋለሁ፣ ምንም አላደረግሁበትም ብሏል። "ይመስላል"ን ሰረዝኩና "ነው" ብዬ ፈረምኩ። ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ "የትምህርቱን ነገር ዛሬውኑ ለአዛዡ እነግርልሃለሁ" አለ። ደስ አለኝ። አዎ፣ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚሊሽያው የተጻፈው የመድኃኒት ማዘዣ መስሎታል። ይዘውት ሲወጡ ዞር ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቁስሉን እንዳክም ፈቀዱልኝ። አንዲት ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነበር ያሰሩት። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በሳህን ይዤ ገባሁ፣ እጁን ዘፈቅሁና በጎዝ ጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። ውሃው ጠቆረ። ለውጬ ደግሜ አጠብኩ፤ አሁንም ጠቆረ። በሦስተኛው የመዳፉ ቆዳ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ቀይ ነው፣ አብጧል፣ ግን አንዲት የባሩድ ፍንጣሪ የለበትም። ባሩድ ቆዳ ውስጥ ይተከላል እንጂ እንዲህ ታጥቦ አይለቅም፤ ይህንንም ተምሬዋለሁ። ሳህኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የእናቴ ድስት ሸተተኝ።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ይህ ጥላሸት ነው" አልኩት።

እጁን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ይቆጣሉ ብዬ ነው" አለ። "ባለፈው አንዱን ጓደኛችንን ጥላሸት ቀባህ ብለው ከሰልፍ አስወጥተውት ፀሐይ ላይ ዋለ። እኔንም ያለ ሕክምና እንዳይመልሱኝ ብዬ ፈራሁ። ደሙ አልቆም ሲል ጓዶቼ ውሃ ከምናፈላበት ጣሳ ፍቀው ነው ያደረጉልኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

እሱ ነው እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ! ሞቱን ፈርሜ፣ ፋሻ ይዤ ፊቱ ቁጭ ብዬ፣ እሱ ይቅር በለኝ ይለኛል። እኔ እናቴ በጥላሸት ያዳነችኝ ልጅ፣ ጥላሸት ከባሩድ መለየት አቃተኝ። ማንም ሌላ አገር የተወለደ ድሬሰር ቢሳሳት አይፈረድበትም። እኔ ግን ሽታውን ከነቤቱ አውቀዋለሁ።

ጠቅልዬለት ወጣሁ። በቀጥታ ወደ አዛዡ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ደብዳቤው ገና አልተፈረመም ነበርና "እሱ ይፈረምና ነገ ጠዋት እናገራለሁ" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንድ ቀን ምን ይለውጣል አልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል፤ ሰይጣን ገፋፋኝ አልልም፣ ማንም አልገፋፋኝም። ነርስ መሆን ፈለግሁ፣ በቃ።

ጠዋት ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ደረሰኝ። ደረት ኪሴ ከትቼ ወደ ጎጆዋ ሄድኩ። በሯ ክፍት ነው። "ወደ ኮን ወስደውታል፣ ብርጌዱ ዘንድ። መኪናው በማለዳ ወጣ" አለኝ ዘበኛው።

አዛዡ ዘንድ ሮጬ ገባሁ። ጨጓራ የሚያሠቃያቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ፤ እንደ ሌላው አለቃ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥላሸቱን፣ ቁጣዬን፣ ትናንት ዝም ማለቴንም። አልቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

"ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወረቀትህ ሄዷል" አሉኝ። "ወረቀት የሚመልሰው ወረቀት ነው። ተሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍና ራስህ ይዘኸው ሂድ።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ያኛውን ደብዳቤ ግን መልስልኝ። ሳያጥብ የሚፈርም ሰው ነርስ ይሁን ብዬ አልፈርምም።"

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጄ እሺ ብሎ አልለቀቀውም፤ ጫፉን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ። እሳቸውም አልጎተቱትም፣ እስክለቀው ጠበቁኝ።

መኪና የተገኘው በማግስቱ ነው። በጋሸና በኩል ዞረን ኮን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የብርጌዱ መኮንን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የሁለቱም ጽሕፈት አንድ፣ ፊርማውም አንድ ነው።

"ከሁለቱ የትኛውን ልመን?"

"ሳላጥብ የጻፍኩትን አይመኑ" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ ትል የሚያይ ይመስል ነበር። ከዚያ ሬዲዮ አስከፈተና ከቃፊሩ ጋር አገናኙት። የጓድ መሪው ተኩሱ ከማዶ እንደመጣ፣ ጥላሸቱንም በገዛ እጁ ፍቆ እንደቀባለት ተናገረ። ንግግሩ ጀበና ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ በፊት ይህን ሰው የጠየቀው አልነበረም፤ የሐኪም ወረቀት እያለ ማን ይጠይቃል?

ሞቱ ቀረ። እጁ ግን አልቀረም።

እኔ ከጠቀለልኩለት ወዲህ ፋሻውን የፈታለት ሰው አልነበረም። እርጥብ መሬት ላይ፣ እስር ቤት ውስጥ ነበር የሰነበተው፤ ሊረሸን ለሚችል ሰው ማን ፋሻ ያባክናል። ስፈታው ሽታው ገፈተረኝ። የብርጌዱ ሐኪም አንዴ አየውና "ከአንጓው ላይ ይቆረጣል፣ አለዚያ ክንዱን ይዞ ይሄዳል" አለ። ትናንት ቢመጣስ ኖሮ ብዬ ጠየቅሁት። "ምናልባት" አለኝ። ምናልባት! በዚያች ቃል ነው የኖርኩት። የመጀመሪያውን ቀን ባልተኛሁበት፣ መኪናዋ ሳትነሳ በተናገርኩ፣ ያ እጅ ዛሬ ይኖር ይሆን? አላውቅም። አላወቅሁም፣ አላውቅምም።

ከመቆረጡ በፊት ክንዱን እንድይዝ እኔን ነው ያዘዙኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን መኮንኑ ለሚሊሽያው ነግሮታል፤ ስለዚህ ያውቃል። አልሰደበኝም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ማረስ እችላለሁ?"

"ይችላሉ" አልኩት። በአንቱታ የጠራሁት ያኔ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ሳይሆን ከአፌ አምልጦኝ። "እርፍ የሚያዘው በአንድ እጅ ነው።"

"ጅራፉንስ?" አለ።

ክንዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሐኪሙ መጋዙን አነሳ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አያስወራም። ማዕረጌን ቀነሱኝ። የፖለቲካ ኃላፊው እስኪቀየር ድረስ ሰላምታ ከለከለኝ። ፋሻ እየጠቀለልኩ ብዙ ክረምት አሳለፍኩ፤ ሽበትም ጀመረኝ። ለነርስነቱ ትምህርት የተላክሁት እኚያው አዛዥ ወደ ሌላ ጦር ሲዛወሩ፣ ሳልጠይቃቸው፣ አዲስ ደብዳቤ ፈርመውልኝ ሄደው ነው። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። "ስንት ልጆች አሉት?" ብቻ ነው ያለችኝ። አላውቅም ነበር። ያንንም አልጠየቅኩትም።

ነርስ ሆኜ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ፤ ደርግ ገና አልወደቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የወጣውን ገበሬም እናክም ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰልፉ ውስጥ ግራ እጀታው የተንጠለጠለ ሰው አየሁ። ወዲያው አወቅሁት። ከባለቤቱ ጋር ነው የመጣው፤ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላለች። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ድሮው። ምነው ሌላ ሐኪም ዘንድ በሄዱ አልኩ በልቤ፤ ግን ሌላ ሐኪም አልነበረም።

"ምን ሆኑ?" አልኳት።

"ማጭድ ነው" አለች።

ድምፄን የቻልኩትን ያህል አለሰለስኩ። "ቁስሉ ላይ ያደረጋችሁበት ነገር አለ?"

ተያዩ። እሷ አፏን ልትከፍት ስትል እሱ ቀደማት።

"ምንም አላደረግንበትም፣ ጌታዬ" አለ።

ጨርቁ ገና አልተፈታም። ሽታው ግን መጥቶልኛል፤ የጭስ፣ የድስት፣ የእናቴ ቤት ሽታ። እጁን አጥቶ፣ ሞትን በዓይኑ አይቶ፣ ዛሬም እኔን ይፈራል። ሚስቱንም እንዳላስወጣት ፈርቶ፣ ያቺኑ ውሸት ደገማት።

ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ጎንበስ አልኩና የቀኝ እግሬን ካልሲ ወደ ታች ሸበሸብኩት፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። ቅልጥሜን ወደ ብርሃኑ አዞርኩላቸው።

"ይህ ጥላሸት ነው" አልኳቸው። "እናቴ ናት ያደረገችልኝ። ማጭድ ነበር።"

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየችና እፎይ አለች። "የኔም እሱ ነው፤ ከድስት ነው የፋቅሁት" አለች፣ ጨርቁን በራሷ እጅ እየፈታች።

እሱ ግን ጠባሳውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። በቀኝ እጁ ጣት ሊነካው ብሎ ተወው።

"ያኔ ይህን ቢያሳዩኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር" አለኝ።

ውሃውን በሳህን ቀዳሁና የሚስቱን ክንድ ማጠብ ጀመርኩ።